17 ጨዋታ የተጫወተው ሚሺጋን 20 የተጫወተውን ኢሊኖይን በልጦ ዋንጫ ወሰደ፣ ልክ ነው ትላላችሁ?

ይሄን የኦንላይን ውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ማርች 8 ቀን 2021 ሰኞ ጠዋት፣ ቢግ ቴን የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች ኮንፈረንስ (ሊግ በሉት) የባስኬት መደበኛ ሲዝን በዋዜማው አልቆ ሰው ሁሉ ገና ንዴቱ ሳይበርድለት። ከዛ ወዲህ ክሩ ሲተኛ ሲነሳ ዓመት ሞላው፣ አዲስ የሚገባው ሰው ደግሞ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያለቀለትን ነገር እንደ አዲስ ይጠይቃል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ልንገራችሁና እንገላገል። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ መሀል መሀል ላይ የራሴን ጣል ማድረጌም አይቀርም።

ጥያቄዬ ይቺ ነበረች። ጃንዋሪ 23 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስፖርት በሙሉ ተዘጋ፣ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ተብሎ፣ ምክንያቱም ያ ቢ117 የሚሉት አዲሱ የኮሮና ዝርያ ስፖርት ክፍሉ ውስጥ ተገኝቶ ነው። የወንዶቹ ባስኬት ቡድን ከጃንዋሪ 22 በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ 14 ድረስ አንድ ጌም አልተጫወተም። ቢግ ቴን ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን 20 የኮንፈረንስ ጨዋታ ነው ያለው፣ ሚሺጋን 17 ብቻ ተጫውቶ 14 አሸነፈ 3 ተሸነፈ። ኢሊኖይ 20ውንም ተጫውቶ 16 አሸነፈ 4 ተሸነፈ። ዋንጫው በፐርሰንት ስለሚታይ 82.4 ከ80 በለጠና ሚሺጋን ሻምፒዮን ተባለ። ነገሩን የሚያጋግመው ደግሞ ማርች 2 ላይ ኢሊኖይ እዛው ሚሺጋን ሜዳ፣ አን አርበር ድረስ ሄዶ 76 ለ53 ቀጥቅጦት መመለሱ ነው፣ ያውም ኮከብ ተጫዋቹ አዮ ዶሱንሙ አፍንጫው ተሰብሮ ሳይሰለፍ።

እኔ የማንም ደጋፊ አይደለሁም፣ የቆረቆረኝ ሌላ ነገር ነው። ቡድኑ ተዘግቶ ከቀሩት ጨዋታዎች ውስጥ የኢሊኖይና የሚሺጋን ስቴት ጨዋታ ቀን ተፈልጎላቸው ማርች ላይ ተደረጉ። የፔን ስቴት፣ የኢንዲያናና የኖርዝዌስተርን ግን እንደቀሩ ቀሩ። ሰው የሚያየው ጨዋታ ቀን ሲገኝለት ሰው የማያየው ጨዋታ ቀን አጣ ማለት ነው? ብዬ ጠየቅኩ። አብዛኛው መላሽ ርዕሱን ብቻ አንብቦ ነው የገባው።

መልስ 1 ከአትላንታ ነው፣ ጨዋ ሰው፣ ሰላምታውና ምርቃቱ ከሐሳቡ ይረዝማል። የጨዋታ ቁጥር እኩል ካልሆነ በፐርሰንት ነው የሚለው ነገር በጊዜው ለነበሩት ለ14ቱም ቡድን የታወቀ ስለነበረ ኢሊኖይ ሲበለጥ ጠብቆ መጮኹ ደስ እንዳላለው ጻፈ። እግዜር ያክብራችሁ ብሎ ወጣ። በሕጉ በኩል እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

መልስ 2 ግን የቺካጎ ሰው ነው፣ ደሙ ኢሊኖይ። እሱ ነገሩን ከእቁብ ጋር አመሳሰለው፦ ሁሉም 20 ዙር ሲጥል አንዱ 17 ጥሎ እጣው ለሱ ወጣ፣ ቀሪውን ሦስት ዙርስ ማን ይጥልልን ነው የሚለው። ቀጥሎም 16 ድል ከ14 ድል እንደሚበልጥ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት እንደማያስፈልግ ጨመረበት። የኢሊኖይ የስፖርት ዳይሬክተር ጆሽ ዊትማን ራሱ በይፋ ተቃውሞ መጻፉንም አስታወሰ፣ ይሄ እውነት ነው። ችግሩ መጨረሻ ላይ ሚሺጋን ሆን ብሎ ነው የተዘጋው፣ ከባድ ጨዋታ ሊያመልጥ ነው የሚል ነገር ጣል አድርጎ መሄዱ ነው። ክሩን ያበላሸው እሱ አረፍተ ነገር ነው።

መልስ 3 ሒሳብ ይዞ መጣ፣ አካውንታንት ሳይሆን አይቀርም። ሦስቱንም ቢጫወቱና ቢያሸንፉ 17 ለ3 ይሆኑ ነበር፣ አንድ ቢሸነፉ 16 ለ4 ሆነው ከኢሊኖይ ጋር እኩል፣ ሁለት ቢሸነፉ ብቻ ነው ከኢሊኖይ በታች የሚወርዱት። እኩል ቢሆኑ ደግሞ ቢግ ቴን ዋንጫውን ለሁለቱም ነው የሚሰጠው፣ እርስ በርስ ማን አሸነፈ የሚባለው ከሲዝኑ በኋላ ላለው ቶርናመንት አሰላለፍ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ኢሊኖይ ዋንጫውን ለብቻው ለመውሰድ ሚሺጋን በዛ ዓመት ብዙም ካልጠነከሩት ሦስት ቡድኖች በሁለቱ መሸነፍ ነበረበት። ይሄን ካነበብኩ በኋላ የቺካጎውን ሰው ንዴት ትንሽ ቀለል አድርጌ ነው ያየሁት፣ እሱ ግን አላነበበውም መሰለኝ።

መልስ 4 የመለሰው ለ2 ነው፣ በትህትና ግን በማያወላዳ ቃል። ቡድኑን የዘጋው አሰልጣኙ ጁዋን ሃዋርድ አይደለም፣ የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት የመከረው ነው፣ የተዘጋውም ባስኬቱ ብቻ ሳይሆን የሴቶቹም የሆኪውም ሁሉም ነው። ከባድ ጨዋታ የሚሸሽ ቡድን ደግሞ ከተመለሰ በኋላ ፌብሩዋሪ 25 አይዋን፣ 27 ኢንዲያናን፣ ማርች 2 ኢሊኖይን፣ 4ና 7 ሚሺጋን ስቴትን በ11 ቀን ውስጥ አይጫወትም ነበር። ከነዚህ ከአምስቱ ሁለቱን ተሸነፈ፣ በሲዝኑ ሙሉ የተሸነፈው ሦስት መሆኑን አስቡት።

መልስ 5 ያው የ2ቱ ሰውዬ ነው። ለ4 ሲመልስ አንቱ ብሎ ጀምሮ አንተ ብሎ ጨረሰ። አዲስ ነገር የለውም፣ እልፍ በሉት።

መልስ 6ን ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ኦሃዮ ውስጥ የቻርተር አውቶቡስ የሚነዳ ወንድማችን ነው፣ በዛ ክረምት የአንድ ኮሌጅ ባስኬት ቡድን ያመላልስ ነበር፣ የኮሌጁን ስም አልጠቀሰም እኔም አልጠየቅኩትም። ድሮ በአንድ አውቶቡስ ይሄዱ የነበሩት ልጆች በሁለት አውቶቡስ ሆኑ፣ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው አንድ ረድፍ፣ መስኮት በኩል እንዲቀመጥ ተነግሮት፣ ምግቡ በወረቀት ከረጢት ስሙ ተጽፎበት ወንበሩ ላይ ቀድሞ ይቀመጣል። እሱ ራሱ ሳይመረመር ቁልፍ አይሰጠውም። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ነድቶ ሆቴሉ በር ላይ ሲደርስ ረዳት አሰልጣኙ ስልኩን እያየ ተነስቶ ማንም እንዳይወርድ ተናገረ፣ የተጋጣሚ ቡድን ውስጥ ፖዘቲቭ ወጥቷል። ልጆቹ ጫማቸውን ለብሰው ተዘጋጅተው ነበር። አውቶቡሱን እዛው ፓርኪንግ ውስጥ አዙሮ መልሶ ሦስት ሰዓት ተኩል። መንገዱ ላይ ማንም አልተነጋገረም፣ ሁሉም ጆሮው ላይ ሄድፎን፣ አንዱ ልጅ ብቻ ቤት ሲደርሱ ሲወርድ እሱን አመስግኖት ወረደ። ያ ጨዋታ ሁለተኛ ቀን ተቆርጦለት ሁለተኛም ተሰረዘ፣ በዚህኛው ጊዜ የታመመው የራሳቸው ቡድን ነው። ሰው ጨዋታው ለምን አልተተካም ሲል ይሄን ዓይቶ እንደማያውቅ ይገባኛል ብሎ ነው የጨረሰው።

መልስ 7 አጭር ናት፣ ለ6 የነዳህበት ሰዓት ተከፈለህ ወይ የሚል ጥያቄ። 8 ላይ ሰውየው ግማሹ መከፈሉን መለሰ። 9 እና 10 ስለ አውቶቡስ ሥራ ክፍያ ሆነ፣ ሲዲኤል (የአውቶቡስና የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ለማውጣት ስንት ወር ይፈጃል የሚል ጠያቂም መጣ፣ ይሄን ወደ ሥራ ክፍሉ ውሰዱት ብዬ ጻፍኩ፣ ማንም አልሰማኝም።

መልስ 11 መልሶ ወደ ነገሩ አመጣን። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስፖርት ቢሮ የምትሠራ ተማሪ ነበረች፣ ስኬጁል የሚያወጡት ሰዎች አጠገብ። አንድ ጨዋታ ለመተካት ምን ምን መገጣጠም እንዳለበት በዝርዝር አስረዳችን። አዳራሹ ባዶ መሆን አለበት፣ ያን ዓመት ደግሞ ከመኸሩ ወቅት (ከፎል) የተዛወረው ቮሊቦልና የሴቶቹ ባስኬት ሁሉ እዛው ነው። ቴሌቪዥኑ ሰዓት ሊኖረው ይገባል። ሦስት ዳኛ መገኘት አለበት፣ ዳኞቹም ይታመማሉ። ምርመራ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ጊዜ ስለሆነ የምርመራው ቀንና የጉዞው ቀን መጋጨት የለበትም። ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ቀን ጤነኛ መሆን አለባቸው፣ ቢግ ቴን ውስጥ ፖዘቲቭ የሆነ ልጅ ልቡ ተመርምሮ ቢያንስ 17 ቀን ሳይሞላ አይመለስም ነበር። አንድ ልጅ ሲያዝ ደግሞ አብሮት የተለማመደው በሙሉ ኳራንቲን ይገባል፣ በዚህ ምክንያት ነው በሁለት ሰው ሰበብ ቡድን የሚዘጋው። ከዛ እሷም እንደኔ የምታስብ ሆና ተገኘች፦ አንድ ክፍት ማክሰኞ ሲገኝ ሁለት የተሰረዘ ጨዋታ ቢወዳደርበት ቴሌቪዥኑ የሚፈልገው ነው የሚገባው፣ ስብሰባ ላይ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ለጥያቄዬ በቀጥታ የመለሰችልኝ እሷ ብቻ ናት።

መልስ 12 ያለ ጨዋታ መቀመጥ ጥቅም ነው የሚሉትን ለማረም የገባ ነው። ሚሺጋን ስቴትን አንሥቶ ጃንዋሪ 8 በፐርዱ በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ከዛ 20 ቀን ተዘግቶ ጃንዋሪ 28 ሲመለስ በራትገርስ 67 ለ37 መሸነፉን ጻፈ። ሠላሳ ሰባት ነጥብ! የዝነኛው አሰልጣኝ የቶም ኢዞ ቡድን! ልጆቹ ሳንባቸው እንኳን አልተመለሰም ነበር።

መልስ 13 ደግሞ ቤይለርን አመጣ። ቤይለር ፌብሩዋሪ 2 ቴክሳስን ካሸነፈ በኋላ ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ሲመለስ አይዋ ስቴትን በግድ 77 ለ72 አሸነፈ፣ ፌብሩዋሪ 27 ካንሳስ ላይ የመጀመሪያ ሽንፈቱን ቀመሰ። ቢግ 12 በሚባለው ኮንፈረንሱ ውስጥ 18 መጫወት ሲገባው 14 ብቻ ተጫውቶ በ13 ድልና በአንድ ሽንፈት ዋንጫውን ወሰደ፣ ያኔ ማንም አልጮኸም፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ሰፊ ነበር። ሕጉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ጩኸቱ የሚመጣው ሲቀራረቡ ብቻ መሆኑን ነው ለማሳየት የፈለገው፣ ጥሩ ነጥብ ነው።

እዚህ ጋ ክሩ ሌላ መንገድ ያዘ። 14 ላይ አንዱ ጎንዛጋና ቤይለር ዲሴምበር 5 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሊጫወቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀራቸው መሰረዙን አስታወሰ፣ ጎንዛጋ ውስጥ ሁለት ሰው ፖዘቲቭ ሆኖ፣ ያ ጨዋታ መቼ ነው የሚተካው ብሎ ጠየቀ። 15 የሀገር አቀፉ ውድድር ፋይናል ላይ ይገናኛሉ ብሎ ቀለደ። ቀልዱ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ኤፕሪል 5 እዛው ኢንዲያናፖሊስ ፋይናል ላይ ተገናኙና ቤይለር 86 ለ70 አሸነፈ። 15 እስከ ዛሬ ድረስ ይቺን ሳይጠቅስ አስተያየት አይጽፍም፣ ሰልችቶናል።

ከ16 እስከ 22 ያለው በማርች 13 ቅዳሜ ማታ የተጻፈ ነው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከዲሲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ። ጆርጅታውን ክሬይተንን 73 ለ48 ደምስሶ የኮንፈረንሱን የቢግ ኢስትን የቶርናመንት ዋንጫ ወስዶ ነበርና ሰው አብዷል። 16 ነገሩን ከኛ ጥያቄ ጋር አገናኘው፦ ጆርጅታውን ጃንዋሪ ላይ ሲዘጋ 3 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ተቀምጦ ሲመለስ ሌላ ቡድን ሆኖ መጣ፣ ስለዚህ መዘጋት ሁሌ ይጎዳል የሚለው 12 ተሳስቷል። 17 የመዘጋት ውጤት አይደለም የአሰልጣኙ የፓትሪክ ዩዊንግ ውጤት ነው አለ። 18 ዩዊንግ ራሱ ድሮ በተጫወተበትና ስሙ ጣሪያው ላይ በተሰቀለበት የኒውዮርክ አዳራሽ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ጥበቃዎቹ መታወቂያ እየጠየቁ አስቸገሩኝ ብሎ ማማረሩን አስታወሰና ከዛ በኋላ ያሉት በሙሉ ዘበኛ የጠየቃቸውን ታሪክ ማውራት ያዙ። አንዱ ራሱ ዘበኛ ነው፣ አዳራሽ በር ላይ ይሠራል፣ ታዋቂ ሰው ነኝ ያለ ሁሉ ታዋቂ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዳቸው፣ ያለ ወረቀት ያስገባ እለት የሚባረረው እሱ ነው። ሳቅኩ።

መልስ 23 ከአዲስ አበባ ነው፣ በደንብ የታሰበበት። ነገሩ የአሜሪካ ብቻ እንዳልሆነ አሳየን። የፈረንሳይ ሊግ 1 በ2020 ሲቋረጥ ነጥብ ለተጫወቱበት ጨዋታ ተካፍሎ ነው ደረጃ የወጣው፣ ሊዮን ሰባተኛ ሆኖ ከአውሮፓ ውድድር ሲቀር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ በዛው ዓመት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ፣ በቃ፣ ፐርሰንትም ምንም የለም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ ጠየቀ፣ ተካፍሎ ዋንጫ መስጠት ወይስ ሁሉንም ባዶ እጅ መስደድ? በቀጣዩ ዓመት ሊጉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ተሰባስቦ እየተደረገ መሆኑንም ጨመረ፣ የኮሌጅ ስፖርቱ የበላይ አካል ኤንሲኤኤ ማርች ማድነስ የሚባለውን ሀገር አቀፍ ውድድሩን በሙሉ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ እንዳደረገው ማለት ነው።

መልስ 24 ይሄን ሁሉ ካነበበ በኋላ የሀገሩን ኳስ ሳይጨርስ የፈረንጅ ኮሌጅ ጨዋታ ላይ የሚጣላ ሐበሻ ገርሞኛል ብሎ ተሳደበ። አንዳንዱን ቃል አልደግመውም። 25 ታዲያ ምን አስገባህ አለው። 26 የቺካጎው ሰውዬ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ ጋር ተስማማ፣ ልጁ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እንደሚማርና የሚከፍለውን ክፍያ የሚያውቅ ሰው የፈረንጅ ጨዋታ እንደማይለው ጻፈ። እኔ 24ን አላጠፋሁትም፣ ስድቡን ብቻ ቆርጬ ተውኩለት።

መልስ 27 እናት ናቸው። ልጃቸው አንድ ትንሽ ኮሌጅ ይጫወታል፣ በቲቪ የማይታይ። ሲዝኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ኳራንቲን ገብቷል፣ አንዱ ጊዜ እሱ ሳይታመም ዶርም አብሮት የሚኖረው ልጅ ታሞ ነው። ካምፓስ ውስጥ ባለ ባዶ ሕንፃ አንድ ክፍል ተሰጥቶት ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው አንኳኩተው ይሄዳሉ። እሳቸው በስልክ ሲያወሩት ኳስ ግድግዳ ላይ ሲያነጥር ይሰማቸው ነበር፣ ከታች ያለው ልጅ እስኪቆጣ ድረስ። የሱ ቡድን የተሰረዙበት ጨዋታዎች አንዳቸውም አልተተኩም፣ ማን ያስባቸዋል። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነው፣ ይሄ ዓመት ከልጄ ላይ ይቆጠርበታል ወይ። እውነቱን ልንገራችሁ ከዚህ በፊት የጻፍነው ሁሉ እዚህ ጋ ሲደርስ ቀለለብኝ።

28 ላይ የቢሮዋ ልጅ (የ11ዷ) ቶሎ መለሰችላቸው፣ እትዬ ብላ ጀምራ፦ ኤንሲኤኤ ኦክቶበር 2020 ላይ የክረምት ስፖርት ለሚጫወቱ ሁሉ ያ ዓመት እንዳይቆጠርባቸው ወስኗል፣ ተጨማሪ ዓመት አለው፣ ነገር ግን ስኮላርሺፑን ለተጨማሪው ዓመት ኮሌጁ ይሰጣል ማለት ስላልሆነ አሰልጣኙን አሁኑኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። 29 እናትየዋ መረቋት።

መልስ 30 ቁጡ ነው ግን የሚናገረው አለው። ልጆቹ ሳይከፈላቸው አፍንጫቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ እየተጎረጎረ የተጫወቱት ለምን እንደሆነ በግልጽ እናውራ አለ። የ2020ው ማርች ማድነስ ሲሰረዝ ኤንሲኤኤ ለኮሌጆች ሊያከፋፍል ካሰበው 600 ሚሊዮን ዶላር 225 ሚሊዮን ብቻ ነው የሰጠው፣ ሁለተኛ ዓመት እንዲህ ቢሆን ስንቱ ኮሌጅ ስፖርት ይዘጋ ነበር፣ ስለዚህ 13 ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ቡድን እንኳን ውድድሩ ውስጥ መግባት ይችላል የሚል ሕግ የወጣው ለልጆቹ ታዝኖ አይደለም። 31 ኮልጌት ዩኒቨርሲቲን አስታወሰው፣ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት 15 ብቻ ተጫውቶ፣ ያውም ከጥቂት ቡድኖች ጋር እየተደጋገመ፣ 14ቱን አሸንፎ በኤንሲኤኤ የራሱ ደረጃ አሰጣጥ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ የገባውን። ኮምፒውተሩ ራሱ ግራ ገብቶታል። 32 ደግሞ 30ን ልጆቹ ራሳቸው መጫወት ፈልገዋል፣ እነ ሃርቫርድ ያሉበት አይቪ ሊግ ሲዝኑን ሲሰርዝ ያለቀሱት ተጫዋቾች ናቸው አለው። እዚህ ላይ ሁለቱ ተያያዙ፣ እስከ 40 ድረስ የነሱ ነው፣ 36 ላይ አንዱ የሌላኛውን ሰዋስው ማረም ጀመረ። ሰዋስው ሲታረም ውይይቱ እንዳለቀ ቁጠሩት።

ማርች 20 ላይ 41 ዜና ይዞ መጣ። ማርች ማድነስ ላይ ቪሲዩ (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ) ከኦሪገን ጋር ሊጫወት ሰዓታት ሲቀሩት በኮሮና ምክንያት ወጣ፣ ኦሪገን ሳይጫወት አለፈ። እዚህ ጋ ማንም አልቀለደም፣ 15 እንኳን። መተካት የሚባል ነገር ስለሌለ ነው፣ የዚህ ውድድር ጨዋታ ነገ አይደረግም። አራት ተጠባባቂ ቡድን ተዘጋጅቶ ነበር፣ ሉዊቪል፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ሴንት ልዊስና ኦል ሚስ፣ ግን መተካት የሚቻለው እስከ ማክሰኞ ማታ ብቻ ነበር፣ ቪሲዩ የወጣው ቅዳሜ ነው። 42 የአውቶቡሱ ነጂ ነው፣ የቪሲዩን ልጆች ወደ ሪችመንድ ማን እንደሚመልሳቸው ብቻ ጠየቀ።

በማግስቱ ኢሊኖይ በሎዮላ ቺካጎ 71 ለ58 ሲሸነፍ 43፣ 44፣ 45፣ 46 የተጻፉት በሙሉ ለ2 ሰውዬ ናቸው። ሎዮላ ደግሞ እዛው የሱ ከተማ ቡድን ነው፣ የ101 ዓመቷ የቡድኑ መነኩሲት ሲስተር ጂን በዊልቸር ተቀምጠው ይዩት የነበረው። የእቁቡን ነገር እየመለሱ አቃጠሉት። 47 ላይ መጣ፣ ቢግ ቴን ቶርናመንትን ያነሳው ማን እንደሆነ አስታወሳቸው፣ ኦሃዮ ስቴትን 91 ለ88 በተጨማሪ ሰዓት፣ እና ሚሺጋንም የት እንደሚደርስ እናያለን ብሎ ወጣ። ሚሺጋን ማርች 30 በዩሲኤልኤ 51 ለ49 ወደቀ። 48 የሱ ናት፣ አንድ የሳቅ ምልክት ብቻ።

ከዛ ክሩ ተኛ። ዲሴምበር 2021 ነው የነቃው፣ ኦሚክሮን ሲመጣ። 49 አዲስ ገቢ ነው፣ ዘንድሮ ብዙዎቹ ኮንፈረንሶች መጫወት ያልቻለ ቡድን በፎርፌ ተሸናፊ ይሆናል የሚል ሕግ ይዘው መጀመራቸውን አላወቀም። 50 አስረዳው፣ ክትባት ስለመጣ ቡድኑን ማስከተብ የናንተ ኃላፊነት ነው ከሚል ነው የወጣው። 51 ደግሞ የተከተበው ሁሉ በኦሚክሮን ሲያዝ ያ ሕግ ሁለት ወር እንኳን ሳይቆይ አንድ በአንድ እየተሻረ መሆኑን ነገረን። ዲሴምበር 18 ላስ ቬጋስ ላይ የሆነውን የጻፈው 52 ነው፣ ኦሃዮ ስቴትና ዩሲኤልኤ ሁለቱም ተዘግተው ኬንታኪና ኖርዝ ካሮላይና ተጋጣሚ አልባ ሲቀሩ እርስ በርስ አጫወቷቸው፣ ኬንታኪ 98 ለ69 አሸነፈ። ትልቅ ስም ካለህ በሁለት ቀን ጨዋታ ይገኝልሃል አልኩ እኔ 53 ላይ፣ የእናትየዋ ልጅ ቡድን ግን በዛው ሳምንት ሁለት ጨዋታ ተሰርዞበት ማንም አልደወለለትም። 15 መጥቶ ነገሩ የስም ሳይሆን የአጋጣሚ ነው፣ አራቱም ቡድኖች ለዛ ቀን ለአንድ ዝግጅት የተመዘገቡ ነበሩ አለ። እንግዲህ አራቱ ብቻ ለምን እንደሚመዘገቡ እሱ ይንገረን።

ማርች 2022 ላይ 55 የጻፈውን ሳነብ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየሁት። ቢግ ኢስት ውስጥ ፕሮቪደንስ 14 ለ3፣ ቪላኖቫ 16 ለ4። ያው 17 ጨዋታ፣ ያው 20 ጨዋታ፣ ያው 82.4 ከ80። ፕሮቪደንስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመደበኛውን ሲዝን ዋንጫ ወሰደ፣ ቪላኖቫ ሁለቱንም ጊዜ አሸንፎት ሳለ። በ2021ና በ2022፣ በሁለት የተለያየ ኮንፈረንስ፣ አንዲት ቁጥር ሳትለወጥ። 56 የአትላንታው ጨዋ ሰው ነው፣ ሰላምታውን አቅርቦ ያንኑ መልሱን ደገመ። 57 የቺካጎው ቪላኖቫ እንደተዘረፈ ጻፈ፣ ቢያንስ አቋሙ አልተለወጠም፣ ይሄን እሰጠዋለሁ። 58 ግን ለዛኔው የፕሮቪደንስ አሰልጣኝ ለኤድ ኩሊ ልጆች ደስ ብሎት የገባ የሮድ አይላንድ ሰው ነው፣ እንደኛ የዓመት ቂም ስለሌለበት ዋንጫው ዘንድሮ ሊሰጥ የሚገባው ለማን እንደሆነ ራሳቸው የቪላኖቫ ሰዎች እንኳን እንዳልተከራከሩ ተናገረ። እንደ ኢሊኖይ ዓይነት ጩኸት እኔም አልሰማሁም።

59 እናትየዋ ናቸው። ልጃቸው ያን ተጨማሪ ዓመት ተጠቅሞ እየተጫወተ ነው፣ ስኮላርሺፑ ግማሹ ብቻ ነው የተሰጠው፣ ቀሪውን እሳቸውና እህቱ እየሸፈኑ። ቅዳሜ የመጨረሻ የሜዳው ጨዋታ ስለሆነ ቅርብ ያለ ቢመጣ ደስ እንደሚላቸው ጻፉ። 60 በኦንላይን የሚታይ ከሆነ ሊንኩን ይላኩልን አለ፣ 61 ፓርኪንግ በነፃ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፣ የአውቶቡሱ ነጂ ደግሞ ከኦሃዮ አራት ሰዓት እንደሚፈጅና ያን ቀን ሥራ እንደሌለው ነገራቸው።